መጀመሪያ እጁን

(ረፋድ አራት ሰዓት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ካባ ውስጥ ያለ የችሎት ጥበቃ ክፍል የተኩስ መለማመጃ፤ የዳኛ እልፍነሽ አጃቢ ሃምሳ አለቃ ሽብሩ የዓመቱን የሽጉጥ ፈተና አሁን ተኩሶ ጨርሷል፤ ፈታኟ ምክትል ኢንስፔክተር ስንዱ ቅጹን ይዛ ቆማለች።)

ሽብሩ፦ ፈርሚና ልሂድ እንጂ! እስክርቢቶሽ ቀለም አልቆበታል እንዴ?

ስንዱ፦ ቀለምስ አለው። የምፈርምበት ነው ያጣሁት።

ሽብሩ፦ እዛች ታች፣ ነጠብጣቦቹ ላይ። ስምንት ሰዓት ላይ ፍርዱ ይነበባል። ዳኛዋን ከቤቷ የማወጣት ሰባት ሰዓት ነው። የታደሰ ወረቀት ካልያዝኩ ደግሞ ሽጉጥ ታጥቄ ችሎት አልገባም። ይህን ሁሉ እያወቅሽ...

ስንዱ፦ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው እንግዲህ ፈተናውን እስከ መጨረሻዋ ቀን ሲሸሹት የከረሙት። ሦስት ጊዜ ጠርቼዎታለሁ። አንዴ ወገቤን አሉ፣ አንዴ ለቅሶ አሉ፣ አንዴ ስልክዎን ዘጉ።

ሽብሩ፦ ለቅሶው እውነት ነበር።

ስንዱ፦ ወገቡስ?

ሽብሩ፦ ወገቡን ተይው።

ስንዱ፦ እሺ ተውኩት። ወደ ተኩሱ እንምጣ። ሦስት እርምጃ ላይ አምስት ተኩሰው አምስቱም ገብተዋል። ሰባት እርምጃ ላይ አራት ገብቷል። እሰየው። አሥራ አምስት እርምጃ ላይስ?

ሽብሩ፦ ነፋስ ነበረ።

ስንዱ፦ ጋሼ ሽብሩ፣ በሦስት በኩል ገደል ከቦናል። ነፋሱ በየት ገባ?

ሽብሩ፦ በአንቺ በኩል። ማጅራቴ ላይ ቆመሽ እየተነፈስሽ እንዴት አድርጌ ልተኩስ?

ስንዱ፦ ከአምስት አንድ ነው ያገኙት። እሱም ትከሻውን ጫር አድርጎ ያለፈ። ለማለፍ ሦስት ያስፈልጋል። ይህን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ያኔ ምልምል ነበርኩ።

ሽብሩ፦ እኔ ባወጣሁት ደንብ እኔኑ ልትጥዪኝ! ጎሽ። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ።

ስንዱ፦ ጥሩ አድርገው ነው ያስተማሩኝ።

ሽብሩ፦ አንቺም እኮ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። እዚችው ቦታ ላይ። ሽጉጥ ያልያዘ ሰው የተሳለበትን፣ የማይተኮስበትን ወረቀት ደረቱን በስተሽው፣ ስም አውጪለት ስልሽ ‘አበባው’ ብለሽ የወንድምሽን ስም ጻፍሽበት። አስታወስሽ? ያን ቀን እኔ ጨከንኩብሽ?

ስንዱ፦ ጨከኑ እንጂ! ሦስት ወር ነው መልሰው ያስቀመጡኝ። ወረቀቱንም አልጋዬ ራስጌ አስለጠፉኝ። በስህተት የመታ ሰው ሁሉ ለመታው ወረቀት የሚያውቀውን ሰው ስም ያወጣል ብለው የፈለሰፉት እርስዎ፣ ዛሬ ደግሞ አዛኝ ሊሆኑብኝ ነው።

ሽብሩ፦ ለጥቅምሽ ነው ያደረግኩት።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። አበባውን እያየሁ ተኝቼ እያየሁ ስለተነሳሁ ነው ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት በስህተት ያልመታሁት።

ሽብሩ፦ ስሚኝማ። በሽጉጥ የሚመታታ ሰው የሚመታታው እዚህ ነው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ። እዚህ ላይ ማነጣጠሪያ የሚያይ የለም። ዓይንሽ ወደ ሰውየው ከሄደ እጅሽ ይከተለዋል። እስቲ ጣትሽን ቀስሪብኝ። ቀስሪ! ይኸው። አነጣጠርሽ? አላነጣጠርሽም። ግን አፍንጫዬ ላይ ነው ያለሽው።

ስንዱ፦ ሦስት እርምጃ ላይ ልክ ነዎት። እኔም እንደዚያው ነው የማስተምረው። ከዳኛዋ ወንበር እስከ ችሎቱ በር ግን ስንት እርምጃ ነው?

ሽብሩ፦ ይሄ ምን ያገባዋል?

ስንዱ፦ ስንት እርምጃ ነው? የለኩት እርስዎ ነዎት። ፈተናው ላይ ይህች ርቀት ትግባ ብለው ማመልከቻ የጻፉትም እርስዎ ነዎት።

ሽብሩ፦ አሥራ አምስት።

ስንዱ፦ በሩ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ማን ይቀመጣል?

ሽብሩ፦ ባለጉዳይ።

ስንዱ፦ ባለጉዳይ። ልጇን ያዘለች፣ ከዘራ የያዘ፣ ተራው እስኪደርስ የሚያንቀላፋ። አሁን የሳቱት አራቱ ጥይት ድንጋይ ላይ ነው ያረፈው። ከሰዓት በኋላ ግን ከኋላ ድንጋይ የለም።

ሽብሩ፦ አፌን አታስከፍቺኝ፣ ስንዱ! እኔ ዳኛዋን ባጀብኩበት ስድስት ዓመት አንዴ እንኳ ያለቦታው ሽጉጥ መዝዤ አውቃለሁ? ማክሰኞ ዕለት የሆነውን አልሰማሽም?

ስንዱ፦ ምን ሆነ?

ሽብሩ፦ ዳኛዋ ከመኪና እየወረደች ነው። አንድ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ከሰው መሀል ተፈናጥሮ ወጣና እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ያውም ዳኛዋ ላይ በተዛተበት ሰሞን! ሌላ ሰው ቢሆን ይጨርሰው ነበር። እኔ ግን እጁን አየሁት። ከርቀት፣ ከአሥር እርምጃ በላይ ይሆናል። በጣቶቹ መሀል የወረቀት ጫፍ አየሁ። አቤቱታ ነው። እጄን አፎቴ ላይ እንዳደረግኩ ቆምኩ፣ ሰውየውም ወረቀቱን አወጣ። ስሙ ይመር ይባላል። ድንጋጤው ሲለቀኝ እኔው ነኝ ሻይ የጋበዝኩት። ሦስት ስኳር ነው የሚጠጣው።

ስንዱ፦ ጎበዝ። ከልቤ ነው፣ ጎበዝ። እጅ ማየትማ ከእርስዎ ወዲያ ላሳር።

ሽብሩ፦ ታዲያ ፈርሚያ!

ስንዱ፦ ሽጉጥዎን ልየው።

ሽብሩ፦ ለምን?

ስንዱ፦ ፈታኝ አይደለሁ? የጥይት ካርታውን ያውጡ። ወደ ገደሉ አዙረው ይሳቡት። በርሜሉ ባዶ ነው?

ሽብሩ፦ ባዶ ነው።

ስንዱ፦ ባዶ ነው። ይስጡኝ። ይሄ ምንድን ነው?

ሽብሩ፦ የቱ?

ስንዱ፦ እሾኋ። የፊቷን ማነጣጠሪያ እሾህ ብለው ስም ያወጡላት እርስዎ ነዎት። ቀይ ሆናለች።

ሽብሩ፦ ቀለም ነዋ።

ስንዱ፦ የምን ቀለም?

ሽብሩ፦ የጥፍር።

ስንዱ፦ የጥፍር ቀለም?

ሽብሩ፦ ከልጄ ቦርሳ ነው ያነሳሁት። ቤቱን ስታምስ ሰነበተች። እኔም አብሬያት አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ነበር። በቃ፣ ሳቂ።

ስንዱ፦ አልሳቅኩም። ስንት ጊዜ ነው የቀቧት?

ሽብሩ፦ አንዴ ቀባኋት፣ ትንሽ ደመቀች። ደገምኩ። ከዚያ ሠለስኩ።

ስንዱ፦ ከዚያስ?

ሽብሩ፦ ከዚያ ጠርሙሱ አለቀ።

ስንዱ፦ ኮረብታ እኮ ነው ያደረጓት! ቀለሙ ተቆልሎ ቁመት ጨምሯታል። እሾኋ ስትረዝም ጥይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ለእኔ ማን ነው ያስተማረኝ?

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ቆይ! በይ ስለት ስጪኝ! ጥፋቱ የቀለሙ ነዋ! አየሽ? ሽማግሌው ሽብሩ ደህና ነው፣ ቀለሙ ነው ያሳተው!

ስንዱ፦ ቀለሙ ጥይቱን ዝቅ ያደርገዋል። ግራና ቀኝ ግን አይበትነውም። የእርስዎ አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ጅቡቲ ነው የሄደው።

ሽብሩ፦ ደንቡ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል። አይፈቅድም በዪኝ እስቲ።

ስንዱ፦ ይፈቅዳል።

ሽብሩ፦ ስለት ስጪኝ።

ስንዱ፦ ይኸው። ብረቱን እንዳይጭሩት ቀስ ብለው ይፋቁት። ግን እውነቱን ይንገሩኝ። ለምን ቀቧት?

ሽብሩ፦ እንድትደምቅ ብዬ።

ስንዱ፦ ጋሼ።

ሽብሩ፦ ምን?

ስንዱ፦ አትታይዎትም አይደል?

ሽብሩ፦ ሰው ይታየኛል። ያ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ቁልቋል ላይ ስንት ወፍ እንዳለ ልንገርሽ? ሦስት። አንዷ ጅራቷ ተነጭቷል።

ስንዱ፦ እሷን አልጠየቅኩም። እጅዎን ዘርግተው ሲያነጣጥሩ እሾኋ ትታይዎታለች ወይ ነው ያልኩት።

ሽብሩ፦ ጭስ ነገር ትመስለኛለች። ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መጀመሪያ ሽጉጡን ነው የጠረጠርኩት፤ ዘይት ያዘው ብዬ ወለወልኩት። ከዚያ ጋዜጣውም እንደዚያው ሲሆንብኝ ገባኝ። ለማን ልንገር? ለአለቃ ብነግር ነገውኑ መጋዘን ጥበቃ ያስቀምጡኛል።

ስንዱ፦ ለእኔ።

ሽብሩ፦ ለአንቺማ እንዴት ብዬ! ጠዋት ማታ ‘እሾኋን እዪ፣ ሌላው ሁሉ ይደብዝዝ’ እያልኩ የጮህኩብሽ ሰውዬ፣ እሾኋ እኔን ከዳችኝ ልበልሽ? አፈርኩ። አፈርኩ ነው የምልሽ።

ስንዱ፦ እኔ ወረቀቱን ቀይሬ እመጣለሁ። እስክመለስ ጥይት እንዳይጎርሱ።

ሽብሩ፦ ሂጂ። እፍ... ይሄ ቀለም ደግሞ ከብረቱ ጋር ተጋብቷል። ሴቶቹ በምን ይሆን የሚያስለቅቁት? ሰማሽ ወይ? እዛች ደርሰሽ ምን ታጉረመርሚያለሽ?

ስንዱ፦ ምንም! ሚስማሩ አልገባ ብሎኝ ነው!

ሽብሩ፦ በድንጋይ ምቺው! ቆይ እኔ ልምጣ?

ስንዱ፦ እዛው ይቁሙ! ጨረስኩ። መጣሁ። ለቀቀ?

ሽብሩ፦ ለቀቀ። ጥቁሯ እሾህ ወጣች።

ስንዱ፦ ኪስዎ ውስጥ የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ሽብሩ፦ ይሄን።

ስንዱ፦ መነጽር? እስካሁን ኪስዎ ነበር?

ሽብሩ፦ ፊትሽ ባላወጣው ነበር የምወደው። ረቡዕ ዕለት መናኸሪያ በር ላይ ከሚያዞር ሻጭ ነው የገዛሁት። ብዙ አስለካኝ፤ ጋዜጣም አስነበበኝ። ይቺ ናት የሆነችልኝ። ደንቡ መነጽር ክልክል ነው ይላል?

ስንዱ፦ አይልም። ችሎት ውስጥም ያደርጉታል?

ሽብሩ፦ አደርገዋለሁ።

ስንዱ፦ ለፈተናው ብቻ አድርገው ከሰዓት ኪስዎ ሊከቱት እንዳይሆን።

ሽብሩ፦ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ከመኪና እስክትወርድ፣ ደረጃውን እስክትወጣ፣ ፍርዱን አንብባ እስክትጨርስ ከአፍንጫዬ አይወርድም። እሺ? ስንዱ፣ አንቺ ይህችን ሴት አታውቂያትም። ሦስቱ ወንድማማቾች የደን ጠባቂውን ገድለው ተይዘዋል፤ አራተኛው ግን ውጭ ነው። እሱ ነው ‘ፍርዱን ታነብና እናያለን’ ብሎ በሰው ፊት የማለው። በየቀጠሮው መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ግራ ጆሮው ጫፉ የለም። ከእኔ በቀር መልኩን የሚለይ የለም። ብትከለክዪኝ ማን ይገባል? ሁለቱ አጃቢዎች ቆላ ናቸው፣ አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል። ‘አጃቢ ከሌለ ቀጠሮ ይቀየር’ ብትያት ደግሞ እልፍነሽ ብቻዋን ትገባለች። በእናቴ እልሻለሁ፣ ብቻዋን ትገባለች።

ስንዱ፦ አውቃለሁ።

ሽብሩ፦ ከገደሏት በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?

ስንዱ፦ መነጽሩን ያድርጉ። ጀርባዎን ለወረቀቱ ይስጡ። አምስት ጥይት ያጉርሱ፣ ሽጉጡን ወደ አፎቱ ይመልሱ። ‘ዙር’ ስል ይዞራሉ። አደጋ ካለ ይተኩሳሉ። ሌላውን ያውቁታል።

ሽብሩ፦ እኔ የጻፍኩትን ለእኔ ታነቢልኛለሽ።

ስንዱ፦ የጆሮ መድፈኛ።

ሽብሩ፦ አድርጌያለሁ።

ስንዱ፦ ተዘጋጅተዋል?

ሽብሩ፦ ተዘጋጅቻለሁ።

ስንዱ፦ ዙር!

...

ሽብሩ፦ አየሽ! አየሽልኝ ወይ! ድምፁን ሰማሽው? አምስቱም ወረቀት ነው የመቱት፣ ድንጋይ ቢሆን ይጮህ ነበር!

ስንዱ፦ ሽጉጡን ባዶ አድርገው ይመልሱ።

ሽብሩ፦ ባዶ ነው። ተመልሷል። ስንዱዬ፣ እሾኋን እኮ አየኋት! ጠርዟ ጥርት ብሎ፣ ግራና ቀኟ ያለው ብርሃን እኩል፣ አናቷ ከኋላው ማነጣጠሪያ ጋር ልክክ ብሎ! ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዕውር ስዳብሳት ኖሬ... ለቅሶ ነው የመጣብኝ። ምላጩን ስስበው እንኳ አልተነቃነቀችም።

ስንዱ፦ ሌላስ ምን አዩ?

ሽብሩ፦ ሌላ ምን ልይ? እሾኋ ጥርት፣ ኋላዋ ያለው ድብዝዝ። አይደል የሚባለው?

ስንዱ፦ ሄደው ወረቀቱን ያምጡት።

ሽብሩ፦ አንቺ ቁጠሪልኝ እንጂ፣ እንዳታማርሪ።

ስንዱ፦ አብረን እንሂድ እሺ።

ሽብሩ፦ ፊትሽን ምን አጠቆረው? ደስ አይልሽም? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስቱም ደረት ላይ! በቡና ስኒ አፍ ይሸፈናሉ! እስክርቢቶሽን አውጪ። አውጪ! ይቺን ለልጄ ነው የማሳያት። ጥፍር ቀለሟን ለምን እንደ...

ስንዱ፦ ምነው ቆሙ?

ሽብሩ፦ ይሄ ሰውዬ የያዘው ምንድን ነው?

ስንዱ፦ እርስዎ ይንገሩኝ።

ሽብሩ፦ ወረቀት ነው።

ስንዱ፦ አዎ።

ሽብሩ፦ የማይተኮስበትን ነው የሰቀልሽልኝ።

ስንዱ፦ አዎ።

ሽብሩ፦ አታለልሽኝ! እኔን፣ ሽብሩን፣ እንደ ጀማሪ ምልምል! ጎንበስ ብዬ ቀለም ስፍቅ አንቺ እዚህ ወጥመድ ታጠምጃለሽ? ኢንስፔክተር ስንዱ፣ እጅ ነስቻለሁ! እንዲህ ነው ለካ እርስዎ ውለታ የሚከፍሉት!

ስንዱ፦ ይቆጡኝ። ግን በድጋሚው ፈተና ላይ ፈታኙ ሳይናገር ወረቀት ይቀይራል የሚለውን ማን ነው የጻፈው?

ሽብሩ፦ ዝም በይ!

ስንዱ፦ ‘መጀመሪያ እጁን፣ ከዚያ እሾኋን።’ ግድግዳው ላይ በኖራ የጻፉት ዛሬም አለ። ያዩት እሾኋን ብቻ ነው።

ሽብሩ፦ ዝም በይ አልኩሽ!

ስንዱ፦ እሺ። እርስዎ ይናገሩ።

ሽብሩ፦ ድብዝዝ ያለ ሰው ነው ያየሁት። ቁመት አለው፣ ትከሻ አለው። እጁ ከፍ ብሏል። ያ አራተኛው ወንድም ነው ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ ያንን ሰውዬ ነው የማስበው፤ እሱን ጠብቄ ዞርኩ፣ እሱን አየሁ።

ስንዱ፦ እስቲ መነጽሩን አውልቀው አሥራ አምስት እርምጃ ይራቁ። ከዚያ ሆነው ይዩት።

ሽብሩ፦ መራቅ አያስፈልገኝም። ከዚያ ሆኜ መነጽር በሌለው ዓይኔ ባየው ኖሮ ወረቀቱ ላይ የተሰመሩትን መስመሮች እቆጥርልሽ ነበር። አውቀዋለሁ።

ስንዱ፦ እሱን ሲያደርጉ ሰው ይጠፋዎታል፤ ሲያወልቁ እሾኋ ትጠፋዎታለች።

ሽብሩ፦ ሁለቱንም የሚያሳይ መነጽር የለም? ሐኪም ጋ ብሄድ?

ስንዱ፦ ይኖራል። እኔው እወስድዎታለሁ። ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ግን አይደርስም።

ሽብሩ፦ አይደርስም።

ስንዱ፦ ጋሼ... ልማድዎ ነው፣ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። ስም ያውጡለት።

ሽብሩ፦ እስክርቢቶሽን ስጪኝ።

ስንዱ፦ ይኸው።

ሽብሩ፦ መነጽሩን ረቡዕ ነው የገዛሁት ብዬሻለሁ?

ስንዱ፦ ብለውኛል።

ሽብሩ፦ ያ ሽማግሌ የመጣው ማክሰኞ ነው። በአንድ ቀን ነው የተረፈው። ሰኞ ገዝቼው ቢሆን ኖሮ...

ስንዱ፦ ተዉት። እኔ ልጻፍልዎት።

ሽብሩ፦ አይሆንም። ጻፍኩት። ‘ይመር’። ሻይ ስንጠጣ ሚስቱ እንደታመመች ነግሮኛል፤ እሷን ለማሳከም ነበር ከተማ የገባው። ደረቱ ላይ በቡና ስኒ አፍ የሚሸፈን አምስት ቀዳዳ! እኔም ዘልዬ ‘አየሽልኝ’ እላለሁ!

ስንዱ፦ ሰው አልሞተም። ወረቀት ነው።

ሽብሩ፦ አንቺን ‘ወረቀት ነው’ ብዬሽ አውቃለሁ?

ስንዱ፦ አያውቁም።

ሽብሩ፦ ቅጹንም ስጪኝ። የትኛው ላይ ነው? ‘አላለፈም’ የሚለው ይሄ ነው? መነጽሩ ለዚህስ ጠቀመ። ይኸው። አሁን አንቺ ፈርሚ።

ስንዱ፦ ፈረምኩ።

ሽብሩ፦ አፎቱንም እንኪ። ቀበቶውን ጭምር። ሃያ ስድስት ዓመት ወገቤ ላይ ነበር፤ ያ ወገቤን ያልኩሽ ውሸትም ዛሬ እውነት ሊሆን ነው። ስልክ ደውዪና አለቃሽን ጠይቂው፣ ማን ይሆን ከእሷ ጋር የሚገባው?

ስንዱ፦ አልደውልም።

ሽብሩ፦ ምን ማለት ነው?

ስንዱ፦ እኔ እገባለሁ። የኔ ወረቀት የታደሰ ነው።

ሽብሩ፦ አንቺ?

ስንዱ፦ ፈርቻለሁ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ስድስት ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ ነው የተኮስኩት። ጆሮው የተቆረጠውን ሰውዬ ቢያሳዩኝ አላውቀውም። ብዙ ሰው ይኖራል። ቢሆንም ብቻዋን አትገባም።

ሽብሩ፦ እኔ አውቀዋለሁ።

ስንዱ፦ ሽጉጥ መያዝ አይችሉም።

ሽብሩ፦ ማን ሽጉጥ አለሽ? እኔ በሩ ሥር፣ አግዳሚው ላይ፣ ከባለጉዳዮቹ ጋር እቀመጣለሁ። መነጽር የለ፣ ሽጉጥ የለ። የሚገባውን ሁሉ እጅ አያለሁ። እሱ ከመጣ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ኮፍያዬ ራሴ ላይ እስካለ ድረስ አፎትሽን እንዳትነኪ።

ስንዱ፦ እርስዎ ባያወልቁስ፣ እኔ ሽጉጥ ካየሁ?

ሽብሩ፦ ካየሽማ የራስሽ ዓይን አለሽ። አለሽ ወይ ግን? ስንት ሰዓት ነው?

ስንዱ፦ አራት ተኩል።

ሽብሩ፦ ይበቃናል። ወረቀቶቹ ያሉበትን ሳጥን ወዲህ በዪና አሥራ አምስት እርምጃ ሂጂ።

ስንዱ፦ ለምን?

ሽብሩ፦ ጀርባሽን ስጪኝ፣ ስንዱ። እኔ ነኝ የምሰቅለው።